ሥጋው ከነታሪኩ



ከአንድ ፌስታል ልጀምር። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ በአንድ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ከክፍለ ሀገር ተሳፍሮ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ፌስታሉን ፈታ፤ በውስጡ ሌላ ፌስታል ነበር። በዚያኛው ውስጥ የመርፌ መድኃኒት የነበረበት ብልቃጥ፣ በብልቃጡ ውስጥ ደግሞ ከአባቱ ሳንባ የተቆነጠረ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ሥጋ። መንገድ ላይ ፎርማሊኑ አፍስሶ የተለጠፈውን ወረቀት አርሶታል፤ ከአባትየው ስም የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። መጠየቂያ ቅጹን ዘረጋሁት። «የሳንባ ዕጢ» ይላል፤ በቃ። ቀኝ ነው ግራ? ሰውየው ያጨሳሉ? ሥራቸው ምን ነበር? ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ? የተጻፈ ነገር የለም።

ልጁን ጠየቅሁት። አባቱ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። በጉብዝናቸው ዘመን በእንጨት በሚነድ ዳቦ ቤት ለብዙ ዓመታት ጋጋሪ ነበሩ። ሳሉ ሲበረታባቸው ቲቢ ነው ተብሎ ስምንት ወር መድኃኒት ወስደዋል፤ ሳሉ ግን አልተዋቸውም። ይህን ሁሉ በቅጹ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍሁ። ዛሬ ማታ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚያ የቅጽ ጀርባ ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ረዘም ያለ ነበር፤ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሳንባ ካንሰር ምርምር በጋራ ስለሚያቋቁሙት ባዮባንክ ተናገር የሚል። ባዮባንክ ማለት ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከታማሚ የተወሰደ ሥጋና ደም ከታማሚው የሕክምና ታሪክ ጋር ተሳስሮ፣ ዛሬ ላልተጠየቀ ጥያቄ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ባንክ መባሉ ግን ለእኔ አይጥመኝም። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ሲቸግረው ያወጣል፣ ወለድም ያገኛል። እዚህ ያስቀመጠው ሰው ምንም አያወጣም። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ሲነሳ እሱ በሕይወት አይኖርም። ጎተራ ብንለው ይቀርበው ነበር፤ አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ይበላል።

ይህን ቤት ለመሥራት ለምን ሁለት ዓይነት ተቋም ያስፈልጋል? ሆስፒታሉ ታማሚው አለው፣ ጊዜ ግን የለውም። ዩኒቨርሲቲው ጊዜ አለው፣ ታማሚ ግን የለውም። ሐኪሙ ከመቶ ሰው ሰልፍ ፊት ተቀምጦ ስለ ዳቦ ቤት አይጠይቅም፤ አልፈርድበትም። ተመራማሪው ደግሞ የዘረመል ንባብ መሣሪያውን ይዞ ቢቀመጥ የሚያስነብበው ሥጋ ከየት ይመጣለታል?

ናሙና በፍሪዘር ማከማቸት ሳይስፋፋ በፊት እንኳ ይህ የሆስፒታልና የተመራማሪ ጋብቻ ምን እንደወለደ እናውቃለን። በ1950 የታተመ ሥራ ነው፤ ዛሬ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ የሳንባ ካንሰር በፍጥነት እየጨመረ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ20 የለንደን ሆስፒታሎች ጋር ተዋዋሉ። ሆስፒታሎቹ ታማሚ ሲገባ ያሳውቃሉ፤ ጠያቂዎች አልጋው ድረስ ሄደው የሰውየውን ታሪክ ይጠይቃሉ። ዶል ራሱ በመጀመሪያ የጠረጠረው መንገድ የሚነጠፍበትን ሬንጅ ነበር። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል ሲጋራ አጭሰው የማያውቁት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ዶል ሥራው ሳያልቅ ማጨሱን ተወ። ልብ በሉልኝ፣ እዚህ ላይ የተከማቸ ሥጋ የለም። የተከማቸው የቅጹ ጀርባ ነው።

ከዚያ ስድሳ ዓመት እንዝለል። በ2012 በለንደን የቻርልስ ስዋንተን ቡድን የኩላሊት ካንሰር ዕጢዎችን ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከተለያየ ጎናቸው እየቆነጠረ መረመረ። እስከዚያ ድረስ አንድ ዕጢ አንድ ነገር ነው የሚል እምነት ነበር፤ እኔም የተማርሁት እንዲያ ነው። የተገኘው ሌላ ሆነ። በዕጢው ውስጥ ከታዩት የዘረመል ለውጦች ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ በሁሉም ጎን አልተገኙም፤ አንዱ ጎን ያለው ሌላው ጎን የለውም። ዋርካ አስቡ። ግንዱ አንድ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ግን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አድገዋል። መድኃኒታችን አንዱን ቅርንጫፍ ቢያደርቅ ሌላው ይለመልማል። እንግዲህ ያ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ሥጋ የሚነግረን ስለ አንድ ቅጠል ነው።

ከዚህ ግኝት ነው ትሬሰርኤክስ የተባለው ጥናት የተወለደው። በ2014 ተጀመረ፤ ገንዘቡን፣ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል፣ የሰጠው ካንሰር ሪሰርች ዩኬ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዕቅዱ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ከ800 በላይ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ዕጢ ከብዙ ጎኑ መርምሮ፣ ከዚያም ሰዎቹን ለአምስት ዓመት መከታተል ነበር። ማዕከሉ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንና የፍራንሲስ ክሪክ ኢንስቲትዩት ይሁኑ እንጂ ሥጋው የመጣው ከለንደን፣ ከማንቸስተር፣ ከሌስተር፣ ከበርሚንግሃም፣ ከካርዲፍና ከአበርዲን ሆስፒታሎች ነው። ከሩቅ ሲያዩት የአንድ ሳይንቲስት ሥራ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የስትሬቸር ገፊዎች፣ የነርሶችና የቱቦ ተሸካሚዎች ሥራ ነው።

እስቲ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመን እንየው፤ ለእኔ ይህ ከውጤቱ ይልቅ ይገርመኛል። ቀዶ ሐኪሙ የሳንባውን ክፍል የሚመግበውን የደም ሥር አሥሮ ሲቆርጥ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ሥጋው ደም አላገኘም፤ ሴሎቹ መጨነቅና መለወጥ ጀምረዋል። በዚህ ሰዓት የሚረግፈው ሥጋው ሳይሆን በውስጡ ያለው መልእክት ነው፤ በተለይ አርኤንኤ የሚባለው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሰው በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሥጋው ሲወጣ ይዞት ወደ ፓቶሎጂ ይሮጣል። ፓቶሎጂስቱ በቅድሚያ ለታማሚው ሕክምና የሚያስፈልገውን ይወስዳል። ይህ የማይነካ ሕግ ነው፤ ምርምር የሚደርሰው ትራፊው ነው። ትራፊው ከዕጢው ከተለያየ ጎን፣ እንዲሁም ከዕጢው ራቅ ካለው ጤነኛ ሳንባ ላይ ተቆርጦ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይጠበሳል ልበል? ያው ብርዱ እንደ እሳት ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ከዚያ ከዜሮ በታች 80 በሆነ ፍሪዘር ይገባል። ደሙም ሳይቆይ ተሽከርክሮ ፕላዝማው ይለያል። በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የታማሚው ስም ሳይሆን ቁጥር ይለጠፋል፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ቁልፍ ሆስፒታሉ ዘንድ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰዓቱ ይጻፋል። መቼ ታሠረ፣ መቼ ተቆረጠ፣ መቼ በረዶ ሆነ። ሰዓቱ ያልተጻፈ ናሙና ከአሥር ዓመት በኋላ አስገራሚ ነገር ቢያሳይ፣ ያ ነገር የካንሰሩ ይሁን የኮሪደሩ ማንም አያውቅም።

በ2017 የመጀመሪያዎቹ 100 ታማሚዎች ውጤት ወጣ፤ ከእነሱ ብቻ 327 የዕጢ ቁራጮች ተነበዋል። ክሮሞዞሞቻቸው በየቅርንጫፉ የተተራመሱ ዕጢዎች የያዟቸው ሰዎች በሽታው የሚመለስባቸው ወይም ለሞት የሚዳርጋቸው ዕድል ከፍ ያለ ሆነ። በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ታየ። የእያንዳንዱ ታማሚ ዕጢ የራሱ ፊርማ አለውና፣ ያን ፊርማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በደም ውስጥ ሲፈልጉ፣ በአንዳንዶቹ ላይ በሽታው መመለሱ በሲቲ ስካን ከመታየቱ በፊት፣ ቢበዛ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀድሞ፣ በደማቸው ተገኘ። በ2023 ደግሞ 421 ሰዎችና 1,644 ቁራጮች ደረሱ። ቁጥር አበዛሁባችሁ፤ ይህን ያህል ይበቃል።

ይልቅ ወደ ጤነኛው ሳንባ ልመለስ። ከዕጢው ራቅ ብሎ ተቆርጦ የተቀመጠውን ማለቴ ነው። ብዙ ቦታ ይህ ይጣላል፤ «ምንም የለውም» ይባላል። በ2022 መስከረም የስዋንተን ቡድን በፓሪስ ጉባኤ ላይ አቅርቦ በማግስቱ ዓመት ያሳተመው ሥራ የቆመው ግን በዚህ ምንም በሌለው ሥጋ ላይ ነው። ጥያቄው አጭሰው የማያውቁ ሰዎች ለምን የሳንባ ካንሰር ይይዛቸዋል የሚል ነበር። እንግሊዝን፣ ደቡብ ኮሪያንና ታይዋንን ከመሰሉ አገሮች የተሰበሰበ ወደ 33 ሺህ የሚጠጋ የታማሚዎች መረጃ ሲታይ፣ ኢጂኤፍአር በሚባለው ጂን ለውጥ የሚመጣው የሳንባ ካንሰር አየሩ በደቃቅ ብናኝ በተበከለበት አካባቢ ይበዛል። ታዲያ ብናኙ ጂኑን ለወጠው? ከ295 ሰዎች የተገኘው ጤነኛ የሳንባ ሥጋ ሲመረመር 18 በመቶው ይህን የኢጂኤፍአር ለውጥ፣ 53 በመቶው ደግሞ ኬራስ በሚባል ሌላ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ተሸክሞ ተገኘ። ሥጋው ግን ካንሰር አልነበረም። ለውጡ ከዕድሜ ጋር ሳይነገርለት ይገባል፣ ይተኛል። ብናኙ የሚያደርገው የተኛውን መቀስቀስ ነው። በአይጦች ላይ ሲታይ ብናኙ የሰውነት ተከላካይ ሴሎችን ያስቆጣል፤ እነሱ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫሉ፤ እሱ ለውጡን የተሸከመውን ሴል ያነቃዋል። ንጥረ ነገሩን ሲያግዱት አይጦቹ ከካንሰሩ ተጠበቁ።

ይህ አንድ ያለፈ ነገር ያስታውሳል። ካናኪኑማብ የተባለው ይህንኑ ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት ከ10 ሺህ በላይ የልብ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር በ2017 ያልታሰበ ነገር ታይቶ ነበር፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር አነሰ። እንዳትቸኩሉ ብቻ፤ ያው መድኃኒት ካንሰሩ ከያዛቸው በኋላ ለሰዎች ሲሰጥ አልረዳም። እሳት ከተነሳ በኋላ ክብሪቱን መደበቅ ምን ይፈይዳል።

ብናኝ ስል ጭስ ትዝ ብሎት ከመካከላችሁ እናቱን ያላሰበ ያለ አይመስለኝም። ኩበትና እንጨት፣ የምጣዱ ጭስ፣ ዐይን ማበስ። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። የለንደኑ ጥናት የለካው የውጪውን አየር ነው፤ ስለ ወጥ ቤታችን አልተናገረም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪ ሲለው፣ የማገዶ እንጨትን ጭስ ግን «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው መደብ ነው ያኖረው። ከ«ሳያመጣ አይቀርም» ወደ «ያመጣል» ወይም «አያመጣም» ለመሻገር የእናቶቻችን ሳንባ ያስፈልጋል። ሳንባው ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ ነበረው ወይ የሚል መልስ ከጎኑ መኖር አለበት። ዛሬ በየካርዱ ላይ ያለው ጥያቄ «ታጨሻለሽ?» የሚል ነው። ሃምሳ ዓመት ጭስ ስትምግ የኖረች እናት «የማታጨስ» ተብላ ትመዘገባለች።

በዓለም ላይ በ2022 ብቻ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 1.8 ሚሊዮን ያህሉ በዚህ ሞተዋል። ከካንሰሮች ሁሉ የበለጠ የሚገድለው እሱ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ የጀመረው በ2011 ነው፤ በእኛ ዘንድ ቀድመው የሚታዩት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው። የሳንባው ጥቂት ነው እየተባለ ይታለፋል። ምናልባት በእርግጥ ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን ያ ጋጋሪ አባት ስምንቱን ወር የተቆጠሩት በየትኛው መዝገብ ነው?

ናሙና ማኖር በተለይ በእኛ አገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሲነሳ ሁሉም መጀመሪያ የሚለው «መብራት ይጠፋል» ነው። እውነት ነው። ግን መብራት የማይጠፋበትንም ልንገራችሁ። በ2012 ከቦስተን አጠገብ ባለ የአንጎል ባንክ አንድ ፍሪዘር ተበላሸ። 150 የሚጠጉ አንጎሎች ሟሙ፤ ወደ ሲሶ የሚሆኑት የኦቲዝም ምርምር ሲጠብቃቸው የነበሩ ናቸው። ማስጠንቀቂያው አልጮኸም፤ በውጪ ያለው መለኪያ ሁሉ ደህና ነው ይል ነበር። ሰው በሩን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ያወቀ የለም። ስለዚህ ጀነሬተር መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ሕንፃ ማስቀመጥና በየቀኑ በእጁ የሚዳስስ ዘበኛ መቅጠር ያሻል። ሁሉም ነገር ደግሞ በረዶ አይጠይቅም። በሰም የታሸገ የፓራፊን ብሎክ በካርቶን ተደርድሮ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። በየላብራቶሪያችን ጓዳ ስንት ሺህ እንዳለ ባየሁ ቁጥር፣ ባንኩ ሳናውቀው ተከፍቶ የኖረ ይመስለኛል። የጎደለው ደብተሩ ነው።

ደብተሩን አሳምረን እናውቀዋለን እኮ። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የእጽዋት ዘረመል ማዕከል ተቋቋመ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ ለረጅም ዘመን መሩት፤ በ1989 ትክክለኛ ኑሮ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እዚያ የሚገባ እያንዳንዱ እፍኝ እህል ፓስፖርት አለው። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከምን ያህል ከፍታ፣ በየትኛው ወር፣ ገበሬውስ በቋንቋው ምን ብሎ ይጠራዋል። ያለ ፓስፖርቱ የገባ ገብስ ገብስ ብቻ ነው፤ ለንፍሮ ይሆናል። ካሊፎርኒያ ገብሷን ቢጫ ድንክ በሚባለው የቫይረስ በሽታ ልታጣ ስትል ያዳናት ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ገብሱን የሰጠው ገበሬ ግን ስለ ካሊፎርኒያ ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። እዚህ ላይ ደስታዬም ቅሬታዬም እኩል ነው።

ወደ ፈቃድ ጉዳይ የሚያመጣኝም ይኸው ነው። ስለ ናሙና ፈቃድ ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው በ1951 በባልቲሞር ሳትጠየቅ ሴሎቿ የተወሰዱባትን ሄንሪታ ላክስን ነው። ተገቢ ነው። እኔ ግን ወላይታን ልጥቀስ። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚይዘው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ለምን አንዱን ቤተሰብ ይዞ ሌላውን ይተዋል የሚል ጥያቄ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከውጪ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ናሙና ሊወስዱ ከመሄዳቸው በፊት፣ እንዴት አድርገን እንጠይቅ ብለው ለመጠየቅ ሄዱ። ያገኙት መልስ በቅጽ ላይ የማይገኝ ነበር። ሰዉ የፈራው ናሙና መስጠቱን ብቻ አይደለም፤ «በዘር ይመጣል» የሚል ቃል ከወጣ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል የሚል ስጋት ነበረ። በሽታው ነውር ነው፤ ነውሩ ደግሞ የቤተሰብ ይሆናል። የአጠያየቁ ሥርዓት በዚያ ተስተካከለ። በ2012 የወጣው ውጤት፣ የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ዘረመል ተነጻጽሮ፣ የሰውነት መከላከያን የሚመሩ ጂኖች በበሽታው ላይ እጅ እንዳላቸው አሳየ። ባዶ እግር መሄድ ባይኖር ግን ጂኑ ብቻውን ማንንም አያሳብጥም፤ ይህንም አብሮ መንገር ግዴታ ነው።

የሳንባ ካንሰር ከዚህ አይለይም። «በሲጋራው ነው» የሚል ፍርድ አብሮት ይሄዳል፤ አጫሹ ያፍራል፣ ያላጨሰው ይቆጣል። ፈቃድ ጠያቂው ሰው ይህን ሳያውቅ ወረቀት ይዞ አልጋ ዳር ከቆመ ፊርማ ያገኝ ይሆናል፣ ታሪክ ግን አያገኝም። እንግሊዞቹ ከትሬሰርኤክስ ጎን ፒስ የሚባል ሌላ ጥናት አላቸው። እዚያ የሚጠየቀው ከሞቱ በኋላ ሥጋቸው እንዲመረመር ነው፤ ካንሰሩ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሲሄድ የቱን ቅርንጫፍ ይዞ እንደሄደ ሌላ ማያ መንገድ የለምና። ይህን ለመጠየቅ ድፍረት ብቻ አይበቃም፤ ከሰውየው ጋር ዓመታት መክረም ይጠይቃል። ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ ስታስታምመው የኖረችው ነርስ ወይም ሐኪም ትሆናለች። ለዚህ ነው ሆስፒታሉ ለዩኒቨርሲቲው ሥጋ አቀባይ ብቻ ሆኖ የተመዘገበበት ስምምነት የማይዘልቀው። ታሪኩን የሰበሰበችው ነርስ ስሟ በጥናቱ ላይ ካልወጣ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ቅጹ ባዶውን መምጣት ይጀምራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም።

ልጨርስ ነው። ያ ወጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ሊወስድ ተመለሰ። ካንሰር ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አልሄደም።

«የቀረውስ?» አለኝ።

«ሥጋው ነው?»

«አዎ።»

«ይቀመጣል።»

«ለምን?»

ደንብ ነው አልሁት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በቅርቡ ወደዚያ ላብራቶሪ ጎራ ብዬ ነበር። ብሎኩን አስፈለግሁት። ከጓዳው ካርቶን ውስጥ ተገኘ፤ ሰሙ ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ ቁጥሩ ይነበባል። የዚያን ዓመት ቅጾች ግን መጋዘኑ ሲጸዳ ተጥለዋል። ዳቦ ቤቱን እንግዲህ የምናውቀው ልጁና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን እናንተም ሰማችሁ።